በሕይወት መኖሩን በምን ታውቃለህ?

ዓቢይ ጾም ነበር። ደንበጫ አካባቢ ባለ አንድ ቀበሌ ለዶሮዎች የፈንግል ክትባት እየሰጠን ነው። ፈንግል ምን እንደሚያደርግ ለጎጃም አንባቢ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። ማታ ቆጥ ላይ የወጣች ዶሮ ጠዋት አንገቷ ተጠምዝዞ ትገኛለች፤ ብዙም ሳይቆይ ግቢው ጭር ይላል። ያለው መላ ክረምቱ ሳይገባ ቀድሞ መከተብ ነው። የደረቀው ክትባት በበረዶ ሣጥን ተይዞ ይመጣል፣ በማሟሟቻው ይበጠበጣል፣ ከዚያ በእያንዳንዷ ዶሮ ዓይን ላይ አንድ ጠብታ ይደረጋል።

ቅርጫት ይዘው ከተሰለፉት መካከል አንዲት እማሆይ ነበሩ። ተራቸው ደርሶ እጄን ስሰድ የቅርጫቱን ክዳን በመዳፋቸው ያዙት።

«ቆይማ ልጄ። አምና የተሰጠው አልሠራም። ምነው ብለን ብንጠይቅ መድኃኒቱ መንገድ ላይ ሞቶ ነበር ተባልን። ይኼኛው በሕይወት አለ?»

«አለ፣ እማሆይ።»

«በምን ታውቃለህ?»

ሣጥኑን ከፍቼ አሳየኋቸው። በረዶው አልቀለጠም። ጎንበስ ብለው አዩና «ይኼማ በረዶው መኖሩን ነው የሚነግረኝ» አሉ። ከኋላቸው የቆሙት ሳቁ። እሳቸው ግን ለጨዋታ አልነበረም የጠየቁት፤ ቀጠሉ። «ምን ይበላል?» ምንም አይበላም አልኳቸው። «ይተነፍሳል?» አይተነፍስም። «ታዲያ ያድጋል?» አያድግም። «እንግዲያ ምኑ ነው የሚሞተው?»

ዶሮዎቻቸውን አስከተቡ፤ መልስ ግን ከእኔ አላገኙም። በትምህርት ቤት ሳለን «ቫይረስ በሕያውና በግዑዝ መካከል ድንበር ላይ ያለ ነው» የሚል ዓረፍተ ነገር ሸምድደን በፈተና ወረቀት ላይ ጽፈን አልፈናል። ለአስተማሪ የሚበቃ መልስ ነው። የጎጃም ገበሬ ግን ድንበር ሲባል ዝም ብሎ አያልፍም፤ ማን ከለለው፣ ምልክቱ የቱ ጋ ነው፣ ምስክሩስ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል።

ገና ያልተጠየቁት

ሥራው ሲያልቅ እማሆይ ቡና ጠሩን። በጾም እንቁላል የሚበላ ስለሌለ የተጠራቀመው ሁሉ ጤፍ በተሞላ እንቅብ ውስጥ ተቀብሯል፤ ከፊሉ ለፋሲካ ገበያ ነው፣ ከፊሉ ለማስታቀፍ። ከመደቡ ጥግ ደግሞ አንዲት ዶሮ ታቅፋለች፤ የምትፈለፍልበት ጊዜ ተቃርቧል።

እማሆይ ለብ ያለ ውኃ በጣባ አቀረቡ። ዶሮዋ እየተቆጣች እጃቸውን ከሥሯ ሰደዱና ጥቂት እንቁላሎች አውጥተው አንድ በአንድ ውኃው ላይ አስቀመጧቸው። ተንሳፈፉ። ውኃው እስኪረጋ ጠበቅን። ከዚያ አንደኛው እንቁላል ማንም ሳይነካው ነቅነቅ አለ፤ ዙሪያውን ቀጭን የውኃ ክብ ወጥታ እስከ ጣባው ጠርዝ ሄደች። ሌላው ዘመም ብሎ ተመለሰ። አንደኛው ግን ጸጥ አለ። እማሆይ ጸጥ ያለውን በጣታቸው ገፋ አድርገው ጠበቁ፤ ደግመው ገፉት፤ ከዚያ ወደ ጎን አስቀመጡት። የተነቃነቁትን በነጠላቸው ጫፍ አድርቀው ለዶሮዋ መለሱላት።

«እኔ እንዲህ ነው የማውቀው» አሉኝ።

ጠዋት የጠየቁኝ ይህንኑ ነበር፤ እሳቸው መፈተኛ አላቸው፣ እኔ ግን በረዶ ነበር ያሳየኋቸው። ትንሽ እልህም ይዞኝ ሳይሆን አይቀርም፣ ወደ እንቅቡ ጠቆምኩና «በጤፉ ውስጥ ያሉትስ በሕይወት አሉ?» አልኳቸው። ከተቀበሩት አንዱን አወጡ፣ በመዳፋቸው ላይ አገላበጡት፣ መልሰው ቀበሩት።

«እነዚህማ ገና አልተጠየቁም።»

ከዚያ ወዲህ በሄድኩበት የሚከተለኝ ይህ ንግግር ነው። የዶሮን ነገር ሰው ሁሉ ያውቃል፦ በቀን ከአንድ እንቁላል በላይ አትጥልም፣ አንድ መታቀፊያ ለመሙላት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይፈጅባታል፣ ጫጩቶቹ ግን ከ21 ቀን በኋላ በአንድነት ይወጣሉ። የመጀመሪያው እንቁላል የመጨረሻውን ቆሞ ጠብቆታል ማለት ነው። ሽሉ ዶሮዋ በጣለችው ሰዓት ገና ከመነሻው በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሴሎች አሉት። ሙቀቱ ወደ 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲወርድ እድገቱ ይቆማል። አይሞትም፤ አያድግምም። «እንቁላል ቀስ በቀስ በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ይህን የቆመበትን ጊዜ አይቆጥረውም፣ እኔን ግን ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ ነው የገረመኝ። በጤፉ ውስጥ የተቀበረው እንቁላል ከእማሆይ ጥያቄዎች አብዛኞቹን ይወድቃል፦ አይንቀሳቀስም፣ አያድግም፣ ሲበላም አይታይም። ቢሆንም ሞቷል የሚል የለም።

ምስክሩ እንቁላል

ለእማሆይ ልመልስላቸው የሚገባኝ ነገር በክትባት ማምረቻ ቤተ ሙከራ ውስጥ የሚደረገው ነበር። እነሱም በረዶ አይተው አይፈርዱም። ከብልቃጡ ጥቂት ይወስዱና አሥር እጥፍ ያቀጥኑታል፤ ያንን መልሰው አሥር እጥፍ፤ እንዲህ እያሉ ይወርዳሉ። ከየደረጃው ለዘጠኝና ለአሥር ቀን ያህል በሙቀት ተይዘው ሽል ወደያዙ እንቁላሎች በመርፌ ያስገባሉ። ቀናት ጠብቀው ከሽሉ ዙሪያ ያለውን ፈሳሽ ይቀዱና በትንንሽ ጉድጓዶች ውስጥ ከዶሮ ቀይ የደም ሴሎች ጋር ይቀላቅሉታል። ቫይረስ ከሌለ የደም ሴሎቹ ወርደው ከጉድጓዱ ሥር ጥርት ያለች ቀይ ነጥብ ይሠራሉ። ቫይረስ ካለ እርስ በርስ ተያይዘው ስስ ሆነው ይዘረጋሉ፣ ነጥቧ አትታይም። ከእንቁላሎቹ ግማሹን የሚበክለው መጠን አንድ መለኪያ ይሆናል፤ ሙቀት ለሚችለው የፈንግል ክትባት ለአንድ ዶሮ የሚያስፈልገው ከዚህ መለኪያ አንድ ሚሊዮን ያህል ነው።

የፈንግልን ቫይረስ በሕይወት አለ ወይ ብሎ የሚጠይቀው እንግዲህ እንቁላሉ ነው፤ ክትባቱ የሚመረተውም በእንቁላል ውስጥ ነው። የሚገርመው ግን መልሱ የሚመጣው ለብዙኃኑ ብቻ መሆኑ ነው። ከብልቃጡ አንዲት የቫይረስ ቅንጣት ነጥዬ «ይቺስ?» ብል የሚመልስልኝ የለም። እንቁላል ውስጥ ገብታ ካልተባዛች ቀድሞውንም ሞታ ነበር ወይስ ዕድል አልቀናትም? መለየት አይቻልም። በአንጻሩ የእማሆይ እንቁላል ከተነቃነቀ ያ አንዱ ነው በሕይወት ያለው፤ ከሌሎቹ ጋር አማካይ አይወጣለትም። «ክትባቱ ሞቷል» የምንለው በሙቀት ብዛት ቁጥሩ ከሚፈለገው በታች ወርዷል ለማለት ነው እንጂ፣ በዚህች ሰዓት ሞተ ተብሎ የሚለቀስለት አንድ ነገር ኖሮ አይደለም።

ሌላም ነገር አለ። አገራችን ውስጥ የሚመረተው ሙቀት የሚችል የፈንግል ክትባት አይ-ሁለት ከሚባል ዝርያ የተሠራ ነው፤ አውስትራሊያ ውስጥ የተገኘ ሲሆን፣ ሙቀት ከተቋቋሙት መካከል እየተመረጠ ነው የጠነከረው። ገበሬ ከማሳው ደህና ዘለላ መርጦ ለዘር እንደሚያስቀምጠው ማለት ነው። የማይበላ፣ የማይተነፍስ ነገር ለምርጫ ይታዘዛል፤ ዘሩ እየተሻለ ይሄዳል። ድንጋይ በእሳት ብትመርጠው ልጆቹ እሳት አይለምዱም፤ ልጆችም የሉትም።

በቅሎዋን ምን እናድርጋት?

ሕይወት ምንድን ነው ለሚለው ብዙዎች የሚጠቅሱት በእ.ኤ.አ. 1994 ለአሜሪካ የጠፈር ምርምር ድርጅት ለናሳ ሥራ የተቀረጸውን ብያኔ ነው፦ ራሱን በራሱ የሚያቆይና በዳርዊን መንገድ፣ ማለትም ከትውልድ ወደ ትውልድ በተፈጥሮ ምርጫ፣ መለወጥ የሚችል ኬሚካላዊ ሥርዓት። ሌላ ዓለም ላይ ሕይወት ሲፈልጉ ምን እንደሚፈልጉ ማወቅ ነበረባቸውና አይፈረድባቸውም። ግን ይህን ብያኔ ይዛችሁ ቅዳሜ ገበያ ውጡ። ፊት ለፊት የምታገኙት በቅሎ ነው።

በቅሎ 63 ክሮሞዞም አላት፤ ከፈረስ እናቷ 32፣ ከአህያ አባቷ 31። ጎዶሎ ስለሆነ አይጣመርም፣ ስለዚህ አትወልድም፤ ዘር የላትምና በዳርዊን መንገድ የምትለወጥበት መንገድ ተዘግቷል። «በቅሎ፣ አባትሽ ማን ነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች» እያልን የምንቀልድባት፣ የጮቄን ዳገት ጭነት ተሸክማ የምትወጣ፣ የምትራገጥ፣ የምታኮርፍ እንስሳ በብያኔው ፊት ትቸገራለች። ቫይረሱ በተቃራኒው ዳርዊንን እንደ ውኃ ይጠጣል፤ የሚወድቀው ራሱን በራሱ ማቆየት በሚለው ላይ ነው። ብያኔውን የሚከላከሉ ሰዎች በቅሎ የአንድ ሥርዓት አካል እንጂ ብቻዋን ሥርዓት አይደለችም ይላሉ። ደህና፤ ያን ካልን ግን ቫይረሱንም ብቻውን በብልቃጥ አስቀምጠን አንፍረድበት።

ሳይንሱም ከጅምሩ በዚህ ሲወዛወዝ ነው የኖረው። የትምባሆን ቅጠል የሚያዥጎረጉረው በሽታ ባክቴሪያ በሚያስቀር ማጣሪያ ውስጥ እንደሚያልፍ ሩሲያዊው ኢቫኖቭስኪ በእ.ኤ.አ. 1892 አሳየ። ሆላንዳዊው ቤየሪንክ በ1898 «ሕያው ተላላፊ ፈሳሽ» ብሎ ሰየመው። በ1935 ደግሞ አሜሪካዊው ዌንደል ስታንሊ ያንን «ሕያው» የተባለ ነገር ክሪስታል አድርጎ በብልቃጥ አስቀመጠው፤ አሟሙቶ ቅጠል ላይ ሲቀባው ትምባሆው እንደገና ታመመ። በ1946 ኖቤል ሲሸልሙት ሽልማቱ የኬሚስትሪ ነበር። ሸላሚዎቹ ሳያስቡት በክርክሩ ላይ ፍርድ የሰጡ ይመስለኛል።

ከዚያ ደግሞ ሚሚቫይረስ መጣ። በ1992 እንግሊዝ አገር ብራድፎርድ ከተማ ከሳንባ ምች ጋር በተያያዘ ምርመራ ከአንድ ማቀዝቀዣ ማማ ውኃ የተገኘ ነገር በትልቅነቱ ባክቴሪያ ነው ተብሎ ለዓመታት ተቀመጠ። ቫይረስ መሆኑ የታወቀው በ2003 ነው። ከአንድ ሺህ በላይ የሚገመት ዘረመል ብዛት ያለው ሲሆን፣ ፕሮቲን ለመሥራት ከሚያስፈልጉ መሣሪያዎች አንዳንዶቹ ሳይቀሩ አሉት። እሱን ራሱን የሚያጠቁ ትንንሽ ቫይረሶችም ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተገኙ። እንግዲህ መታመም የሚችል ነገር ሕያው አይደለም ማለት ይከብዳል። አንድ ነገር ግን ሚሚቫይረስም የለውም፦ ራይቦዞም። ከዘረመል ትእዛዝ ተቀብሎ ፕሮቲን የሚሠራው ይህ ማሽን ከትንሿ ባክቴሪያ ጀምሮ ሴል ባለው ፍጥረት ሁሉ ውስጥ አለ፤ በቅሎዋም አላት፣ በጤፉ ውስጥ ያለው እንቁላልም አለው። ከቫይረስ ግን እስካሁን የራሱን ይዞ የተገኘ የለም። ድንበር ካስፈለገ ምልክቱን የምተክለው እዚህ ነው።

የፈረንሳዩ ፓስተር ተቋም ተመራማሪ ፓትሪክ ፎርቴር ነገሩን በሌላ በኩል ያየዋል። እንደ እሱ አነጋገር ቫይረስ ብለን በብልቃጥ የምናስቀምጠው ቅንጣት ቫይረሱ አይደለም፤ መተላለፊያው ነው። ቫይረሱ ራሱ የተያዘው ሴል ነው፤ ሴሉ ያን ሰዓት ለራሱ መሥራቱን ትቶ ለቫይረሱ ይሠራል፣ ይበላል፣ ይተነፍሳል። እማሆይ «ምን ይበላል?» ሲሉኝ «ዶሮዋ ውስጥ ሲገባ የዶሮዋን ይበላል» ማለት እችል ነበር። ከሰማሁት ሁሉ ለእኔ የሚቀርበው ይህ ነው። በብልቃጥ ያለው ገና አልተጠየቀም፤ ጠያቂው ሴሉ ነው።

ማቀዝቀዣ ውስጥ ያለው ደስታ በሽታ

ይህ አመለካከት ወዴት እንደሚወስድ ያየሁት ግን ስለ ከብት ደስታ በሽታ ከአንድ የሙያ ባልደረባዬ ጋር ስንከራከር ነው። ደስታ በሽታና ፈንግል ቤተ ዘመድ ናቸው፤ የሁለቱም ዘረመል ከ15 ሺህ በላይ ኬሚካላዊ ፊደላት ያሉት አንድ ረድፍ አር.ኤን.ኤ (የዘር ትእዛዝ የሚጻፍበት ሞለኪውል) ነው። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን የገበሬውን በሬ የጨረሰው ይኸው ቫይረስ ነበር። በምፅዋ በኩል ከገቡ ከብቶች ጋር ገብቶ፣ ከአገሪቱ ከብት 90 በመቶ ያህሉን እንደፈጀ የታሪክ ጸሐፊዎች ይገምታሉ። ማሳው አለ፣ ዘሩም አለ፣ የሚጠምዱት በሬ ግን የለም። አፄ ምኒልክ ራሳቸው ዶማ ይዘው እንደቆፈሩ የሚነገረው የዚያን ጊዜ ነው።

ይህ ቫይረስ በተፈጥሮ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በእ.ኤ.አ. 2001 ኬንያ ውስጥ ነው። በ2011 ከምድር ገጽ መጥፋቱ ታወጀ፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ሆነ። ግን ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። በጥቂት የተፈቀደላቸው ተቋማት ማቀዝቀዣ ውስጥ አለ፤ ከእነሱ አንዱ በአገራችን ቢሾፍቱ የሚገኘው የአፍሪካ ኅብረት የእንስሳት ክትባት ማዕከል ነው። በ2019 ደግሞ የእንግሊዙ ፐርብራይት ተቋም በእጁ የነበረውን ክምችት አጠፋ። ከማጥፋቱ በፊት ግን የዘረመሉን ፊደላት አንብቦ መዝግቧል።

ባልደረባዬን የጠየቅሁት «እዚያ ምን ሞተ?» ብዬ ነው። እኔ እንደምለው ከሆነ ምንም አልሞተም፤ ደስታ በሽታ የሞተው በ2001፣ የመጨረሻው የታመመ እንስሳ ውስጥ የመጨረሻው የተያዘ ሴል ሲጠፋ ነው። ማቀዝቀዣው ውስጥ የቀረው መነሳት የሚችል ነገር ነው እንጂ ሕያው አይደለም። እሱ አልተቀበለኝም። «መነሳት የሚችለውን ሞተ ካልክ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረው የጤፍ ዘርም ዝናብ እስኪመጣ ሙት ነው» አለኝ። ዘሩ የራሱን ራይቦዞም ይዟል፣ እርጥበት ብቻ ነው የጎደለው ብዬ ተከራከርኩ። ቫይረሱ የጎደለው ግን አንድ ሙሉ ሴል ነው፤ ይህ የመጠን ልዩነት አይመስለኝም።

እሱ ግን ጥሩ መልስ ነበረው። አሜሪካ ውስጥ የኤካርድ ዊመር ቡድን በ1991 የፖሊዮን ቫይረስ አር.ኤን.ኤ ከተፈጨ የሰው ሴል ጭማቂ ጋር ቀላቅሎ ቫይረሱ በብልቃጥ ውስጥ ሲባዛ አሳየ። ሴል የለም፤ የሴል ጭማቂ ብቻ። በ2002 ደግሞ ይኸው ቡድን 7,500 ያህል የሚሆኑትን የፖሊዮ ፊደላት ከመዝገብ ላይ አንብቦ በኬሚካል ሠራቸው፤ ከዚያው ጭማቂ ጋር ሲያገናኛቸው ቫይረስ ወጣ፣ አይጥም ሽባ አደረገ። ለደስታ በሽታ ሥራው ይከብዳል፤ አር.ኤን.ኤው ብቻውን ምንም አያደርግም፣ የቫይረሱ የራሱ ፕሮቲኖች አብረው መቅረብ አለባቸው። የሚቻል መሆኑ ግን ታውቋል። «ታዲያ የተያዘው ሴል ነው ሕያው የምትለው፣ እዚያ ብልቃጥ ውስጥ ሴሉ የቱ ነው?» አለኝ።

እዚህ ላይ የፎርቴርን አባባል ማሻሻል ነበረብኝ፦ ሴሉ ሙሉ መሆን የለበትም፤ ጭማቂው ውስጥ ራይቦዞሙ አለ፣ የሚያሠራው ጉልበትም አለ፣ ትእዛዙን የሚቀበል አለ። ባልደረባዬ ከዚህም ወደ ኋላ ይሄዳል። ለእሱ ኮምፒውተር ላይ የተመዘገቡት ፊደላት ራሳቸው ከሕይወቱ ይቆጠራሉ፣ ምክንያቱም ከእነሱ ውጭ የቀረው ሁሉ ከየትም የሚገኝ ዕቃ ነው። እኔ በፊደል ላይ መርፌ አልወጋም፣ ፊደልም በሬ አይገድልም እለዋለሁ። ፐርብራይት ያጠፋው ነገር ምን እንደሆነ አልተስማማንም፤ የቢሾፍቱው ማቀዝቀዣ ግን ዘበኛ ሳይለየው ይቆይ በሚለው ላይ ክርክር የለንም። እሱ ሕይወቱን ከመጀመሪያው ፊደል ይቆጥራል፣ እኔ ራይቦዞሙ ያንን ፊደል ተቀብሎ የመጀመሪያውን ፕሮቲን መሥራት ከጀመረበት።